የአደራ ጆንያ

መምህር በሥራ ዘመኑ ስንት ጥያቄ እንደሚመልስ ቆጥሮ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ጎልቶ የሚታየኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። መልሴ ሦስት ቃል ነበር። ሦስቱንም የተናገርኩት ጥሩ ነገር ያስተማርኩ መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት መሆኑን የተረዳሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጡረታ በወጣሁበት ቀን ነው።

ዘሀራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። በተፈጥሮዬ ሥጋታም ነኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «አንቺ እኮ ሲዘንብ ጎርፍ፣ ሲያባራ ድርቅ የምትፈሪ ሰው ነሽ» ይለኝ ነበር። ልጆቼ ስልክ ካላነሱ ባጃጅ ተገልብጦባቸዋል ብዬ ነጠላዬን የማነሳ ነኝ። እንዲህ ያለሁ ሰው መፍራት የነበረብኝን አንድ ነገር ሳልፈራ ማለፌ እስካሁን ይገርመኛል።

መጀመሪያ የተመደብኩት አምባሰል፣ ከውጫሌ ወደ ላይ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ደመወዙ አላነሳም፤ ለማንሳትም የሚከብድ አልነበረም። ዳይሬክተራችን አቶ ጌታሁን ይባላሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ትምህርት የሚለኩት በጆሯቸው ነው። በመስኮቶቹ ሥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያልፋሉ፤ ድምፅ ካልሰሙ «ጎበዝ፣ እዚህ ክፍል ትምህርት አለ» ይላሉ። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ልጅ ነው አልኩ። በየዓመቱ መጨረሻ ካርድ ላይ የጠባይ ውጤት ስሞላ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ላልሰማሁት ልጅ «በጣም ጥሩ» እጽፍለታለሁ። ሲለፈልፍ ለኖረው «ይሻሻል» ነው።

አማርኛና ግብረ ገብ አስተምር ነበር። ግብረ ገብ በክርክር አይገባም፤ በተረት ነው የሚገባው። ስለዚህ በየዓመቱ የምናገራት አንዲት ተረት ነበረችኝ። ሰውየው ሩቅ አገር ሲሄድ አንድ ጆንያ ጤፍ ጎረቤቱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ «አደራ» ይላል፣ ይሄዳል። ክፉ ቀን ይመጣል። የጎረቤቱ ልጆች ይርባቸዋል፣ ያለቅሳሉ። ጎረቤትየው ጆንያውን እያየ ይውላል እንጂ አፉን አይፈታም። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ጆንያው እንደታሰረ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ «አደራ» እላለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አይበላም» ይሉኛል። አቶ ጌታሁን የሚታገሡት ጫጫታ ያ ብቻ ነበር። ወደ ሐይቅ ስዛወርም ተረቴን ይዤ ወረድኩ።

ጡረታ በወጣሁበት ቀን መምህራኑ ምሳ ጋበዙኝ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚጠበስበት ቤት ተቀመጥን። ጋቢ አለበሱኝ፤ አንዱ ወጣት መምህር ተነሥቶ «ስንቶቻችንን ሰው ያደረጉ እናት» እያለ ያወድሰኝ ጀመር። እኔ ጋቢው ወጥ እንዳይነካው እያሰብኩ ነው። አንዲት ወጣት ሴት የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። እጄ ላይ ስታፈስልኝ ጎንበስ ብላ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ቲቸር፣ አደራ አይበላም አይደል?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ፈገግ ብላለች። አላወቅኳትም፤ ድሮ ያስተማርኳት ናት ብዬ «አይበላም፣ የኔ ልጅ» አልኳት እየሳቅሁ። ፈገግታዋ እንደነበረ ቀረ፤ ዐይኗ ግን አልሳቀም።  ንግግሩ ሳያልቅ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ተከተልኳት። ቆሮሶ ዓሣ የሚያጸዱበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ቅርፊት መፋቅ ጀምራለች።

«ሰዓዳ ነኝ» አለችኝ። «አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ከመስኮቱ ሥር እቀመጥ ነበር።»

ያኔ ትዝ አለችኝ። ተረቱ አልቆ፣ ልጆቹ «አይበላም» ብለው ጮኸው፣ ደወል እየተደወለ እጇን ያወጣች ልጅ። «ቲቸር፣ መጥፎ ነገር ቢሆንስ?» ነበር ያለችኝ። እኔ ጠመኔዬን እየሰበሰብኩ ነበር። «አደራ አደራ ነው» አልኳት። እጇን አወረደች። ጥያቄው ይኸው ነው፤ መልሱም ይኸው ነው።

«ቤታችን የሚኖር ዘመድ ነበር» አለች፣ ዐይኗን ከዓሣው ሳታነሣ። «ክፉ ነገር ያደርግብኝ ነበር። ሁልጊዜ ሲጨርስ ‹አደራ፣ እናትሽ ብትሰማ ትሞታለች፣ አደራ› ይለኛል። ያን ቀን ለአንቱ ልነግር ነበር። ካሉኝ በኋላ ግን አደራ በላ እንዳልሆን ብየ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት።»

 ጋቢዬን ይዤ መቆሜን አስታውሳለሁ። እሷ ናት የምታጽናናኝ፤ «አብሽሩ ቲቸር፣ አክስቴ አይታ ነቃችበት፤ ኮምቦልቻ ወሰደችኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሳትከሰኝ፣ የዓሣ ዋጋ እንደሚነግር ሰው። «የዚያ ዓመት ካርዴ አለኝ። ጠባይ ‹በጣም ጥሩ› ብለውኛል።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል። የጆንያ እህል እንደሚነቅዘው ከውስጥ ይነቅዛል፤ ከውጭ የሚያይ ምንም አያውቅም። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ያን ቀን ምን ብልሽ ይሻል ነበር አልኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ አሰበች። «መልስ አልፈለግኩም» አለች። «‹መጥፎ የምትይው ምን ዓይነት ነው?› ብለው ቢጠይቁኝ በቃኝ ነበር።»

ጡረተኛ ያርፋል ይባላል። እኔ በሳምንቱ አውቶቡስ ይዤ ውጫሌ ወረድኩ። የምፈልጋት ሲስተር አስካለን ነው። አምባሰል ሳለሁ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነበረች፤ ለክትባት ትምህርት ቤታችን ስትመጣ ከመርፌው በኋላ ልጆቹን አስቀምጣ ስለ ገላቸው፣ ስለ ቤታቸው ትጠይቃቸው ነበር። ያኔ ነገር ፈላጊ ትመስለኝ ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች በነጻ ልጆችን ራሳቸውን ከጥቃት እንዲጠብቁ እንደምታስተምር ሰምቻለሁ። በሯ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ስትሰማኝ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዳንቴል ትሠራለች። ስጨርስ ኪሮሿን አስቀምጣ «ሠላሳ ዓመት ዘግይተሻል፤ ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

ዳንቴሉ የሥራ መሣሪያዋ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ልጅ ዐይን ዐይኑን እያየሽው አይነግርሽም» ትላለች። «ትልቅ ሰው ፊት ቀና ማለት ነውር ነው ብለን አሳድገነው፣ መልሰን ዐይኔን እያየህ ተናገር እንለዋለን። እጅሽ ሥራ ይያዝ። ዐይንሽ እጅሽ ላይ ይሁን። ጆሮሽን ብቻ ስጪው።» ከልጅ ጋር ስትቀመጥ ሁልጊዜ ከልጁ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ነው። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ሰው እንዲያያቸው፣ ግን እንዳይሰማቸው። «ለምን?» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ለምን ያልሽው ልጅ የተከሰሰ ይመስለዋል ትላለች። «ለማንም አልናገርም» ብላ ቃል አትገባም። ልጁ ከተናገረ ግን አስቀድማ የምትለው የታወቀ ነው፤ «አምኜሃለሁ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።» ከዚያ የልጁን ቃል እንደወረደ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ እኔ የጻፍኩትን አንብባ «ይህ የአማርኛ መምህር ቃል ነው፤ የልጁ የት ሄደ?» ብላ ቀደደችብኝ።

ዳንቴል እንድማር አዘዘችኝ። እጄ ለጠመኔ እንጂ ለክር አልተፈጠረም። ወር ለፍቼ የሠራሁትን አንሥታ በብርሃን አየችውና «ይህን ይዘሽ ሐይቅ ውረጂ፤ ዓሣ ያጠምዳል» አለች።

አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ረቡዕ ረቡዕ የክበብ ሰዓት ሰጠን። ዳይሬክተሩ ሰሎሞን የሚባል ወጣት ነው፤ ሲፈራም ሲደፍርም ጺሙን ይጎትታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውርደት ነበሩ። እኔ እንደ ልማዴ ቆሜ ገለጻ ሰጠሁ፤ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሲስተር አስካለ ከኋላ ተቀምጣ ሰማችና «ሊፈተኑበት ነው ወይስ ሊድኑበት?» አለችኝ።

ቀየርነው። አንድ ወንበር መሐል እናስቀምጣለን፣ ጃንጥላዬን እላዩ ላይ እንደግፋለን፤ ጃንጥላው «ትልቅ ሰው» ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እየቀረቡ ለጃንጥላው «እምቢ» እንዲሉ ነው። ቀላል ይመስላል። የእኛ ልጅ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት ወንዝ ከመሻገር ይከብደዋል። አንገታቸውን ደፍተው፣ በሹክሹክታ ነበር የሚሉት። አንዱ ወንድ ልጅ እጁን አጣምሮ «እምቢ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ግን ለእውነተኛው ሰውም እንዲህ ነው የሚሉት ብዬ አሰብኩ። ቀጥለን አምስቱን ጣት እናስቆጥራለን። በእያንዳንዱ ጣት የሚነግሩት አንድ ሰው ይሰይማሉ፤ አንዱ ባይሰማ ሌላው እንዲሰማ። ሦስተኛው ጣት ላይ የሚቆሙ ልጆች ነበሩ። እኔ እነሱን በዐይኔ እይዛቸዋለሁ።

ወላጆች መስማታቸው አልቀረም። ሰሎሞን ስብሰባ ጠራ። አያ ይመር የሚባሉ ገበሬ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ተነሡ። «ልጆቻችን የማያውቁትን ልታሳውቁብን ነው? ገመናን በገበያ የሚያሰጣ ትምህርት አናውቅም» አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። ሰሎሞን ጺሙን ያዘ። እኔ ተነሥቼ ስለ ጆንያው ተረት፣ ስለ አንዲት ልጅ ጥያቄ፣ ስለ ሦስቱ ቃል ተናገርኩ። የልጅቷን ስም አላነሳሁም። ዳንቴሉን ጨብጬ ነው የተናገርኩት። 

ሼህ እንድሪስ የተባሉ አዛውንት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ ጀመሩ። «አማና፣ እናንተ አደራ የምትሉት፣ ምን እንደሆነ እኔም ከኪታብ ቀርቻለሁ። አማና በሀቅ ነው። ሰጪው ነገ መጥቶ በጀመዓ ፊት ‹አማናየን› ብሎ ይጠይቃል። ሌባ ‹የሰረቅሁትን ደብቂልኝ፣ አማና› ቢል ትጠብቂለታለሽ? በሰው ፊት የማይጠየቅ አማና፣ ወላሂ አማና አይደለም።» ቆም አሉና ወደ አያ ይመር ዞሩ። «ልጆቹስ የማን አማና ናቸው፣ አያ ይመር?»

አያ ይመር ተቀመጡ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስቱም ልጆቻቸው ክፍል ነበሩ።

ሼሁ ሳያውቁት ለተረቴ ሁለተኛ አጋማሽ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ጆንያው እንደታሰረ ሲገኝ አላቆምም። ሌላ ሰው ሌላ ጆንያ ይዞ ይመጣል። «አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር፤ ማንም እንዳያይ» ብሎ ለጎረቤትየው ትንሽ ልጅ ይሰጠዋል። ልጁ ቤት ያስገባዋል። ጆንያው ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ምን ይሆን?» እላለሁ። «እባብ» ይላሉ። «ልጁ ምን ያድርግ?» ያኔ ክፍሉ ይናወጣል፤ አባቱን ይጥራ፣ ዱላ ያምጣ፣ ይጩህ። «አደራ ተብሏል እኮ» እላቸዋለሁ። ይከራከራሉ። እንዲከራከሩ እተዋቸዋለሁ። አቶ ጌታሁን በመስኮቱ ሥር ቢያልፉ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። መጨረሻ ላይ ለማወቂያ የምሰጣቸው አንድ መስፈሪያ ነው፤ ሰጪው በሰው ፊት ሊጠይቀው የሚችለውን ነው አደራ የምንለው፤ የማይችለው እባብ ነው።

ሀናን የምላት ልጅ አዲሱን ተረት በነገርኩበት ቀን ከሚከራከሩት መሐል አልነበረችም። ስሟን ቀይሬዋለሁ። አምስተኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ ሻሿን በጥርሷ ይዛ የምትውል። ጣት ስናስቆጥር «እናቴ» ብላ አውራ ጣቷን አጠፈች፤ ሌላ ጣት አላጠፈችም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ሲበተኑ መጥረጊያ አነሣችና ክፍሉን መጥረግ ጀመረች። ተራዋ አልነበረም። በሚቀጥለው ረቡዕም ጠረገች። በሦስተኛውም። ቤቷ ቅርብ ነው፤ እሷ ግን የማትሄድበትን ምክንያት በመጥረጊያ ትፈልጋለች። አቧራ በሌለበት ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እንደ ሰዓዳ ናት እያልኩ፣ አይደለችም እያልኩ ሰነበትኩ። ሲስተር አስካለ ዘንድ ሄጄ «ልጠይቃት ነው» አልኳት።

«ምን ብለሽ?»

«ማን ምን አደረገሽ ብዬ።»

«ከዚያ ‹ምንም› ትልሻለች። ምንም ካለች በኋላ ያን ቃሏን ለማፍረስ ሌላ ዓመት ይፈልጋል። በሩን ክፈቺላት እንጂ ጎትተሽ አታስወጫት።»

«እስከዚያስ? እስከዚያ ቢጎዳትስ ሲስተር?»

ኪሮሿ ቆመ። ሲስተር አስካለ የማታውቀውን ነገር እንደምታውቅ ሆና አትናገርም። «ፍርሃትሽ ልክ ነው» አለችኝ። «እኔም እፈራለሁ። ክፉ ነገር የሸተተን ዕለት ባትነግረንም እናቷን በሌላ ሰበብ እናናግራታለን። ልጅቷ ራሷ ብትናገረው ግን ማንም መልሶ አይወስድባትም።»

በአራተኛው ረቡዕ ሲስተር አስካለ ከሰሎሞን ጋር ቢሮ ነበረች። እኔ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ዳንቴሌን ይዣለሁ። ሀናን ትጠርጋለች። መጥረጊያው ድንገት ቆመ።

«እናቴ ነገ ደሴ ትሄዳለች» አለች። «አያቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሳምንት ትቆያለች።»

ከማን ጋር ትቀሪያለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ሳልጠይቃት ግን ዛሬ መሄድ አልችልም። ሳምንት ሙሉ። ነገ።

እዚህ ላይ ላቁምና በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሥጋታም ሰው አንባቢውን በሥጋት ማቆየት አይወድም። ሀናን አሁን ውጫሌ፣ ከእናቷ ታላቅ እህት ዘንድ ናት። ሳይመሽ ከሲስተር አስካለና ከሰሎሞን ጋር ሆነን እናቷን አገኘናት፤ በዚያው ቀን የልጅቷን ቃል እንደወረደ ጽፈን ለሚመለከተው ሰጠን። ነገሩ በሕግ ተይዟል። ቀጠሮው ይገፋል፤ በተገፋ ቁጥር እኔ እታመማለሁ። ሰውየው የገዛ ወንድሟ ነውና እናቷ ለሁለት ወር አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን በሰው መሐል መጥታ እጄን ያዘች፤ ረጅም ሰዓት ያዘችው። የሰውየው ወዳጆች ግን ሰላምታ ነሥተውኛል። ባጃጅ ተራ ላይ አንዱ «ቤት አፍራሽ» ሲለኝ ሰምቻለሁ። ማታ ማታ በሬን ሁለት ጊዜ እያየሁ እቆልፋለሁ። ረቡዕ ሲደርስ ደግሞ እየፈራሁ ጃንጥላዬን አንሥቼ እሄዳለሁ። ሰዓዳ ይህን ስትሰማ ከዓሣ ቤቱ ደወለችልኝ፤ «መጥቼ ልይ?» አለችኝ፤ አሁን ወር በገባ አንዴ መጥታ ከኋላ ትቀመጣለች። ልጆቹ እባቡ ላይ ሲደርሱ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት።

ያን ረቡዕ ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም። ክፍሉ ውስጥ እኔና ሀናን ብቻ ነን፤ ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ዐይኔን ዳንቴሉ ላይ ተክያለሁ። ኪሮሹ አንዱን ቀዳዳ ስቶ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ የፈታሁትን እንደገና እያጠላለፍኩ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆችን ዝም ሲያሰኝ የኖረ አፍ፣ ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። መጥረጊያው መሬት ተጋደመ። እግሯ ሁለት እርምጃ ሲቀርብ ሰማሁ፤ ከዚያ ቆመ።

«ቲቸር።»

«አቤት፣ የኔ ሆድ።»

«በሰው ፊት የማይጠይቀኝ ነገር ነው። ግን አደራ ብሎኛል።»

«መጥፎ የምትይው ነገር ነው?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ነው?» አልኩ፣ ቀና ሳልል።

 ውጭ አንድ ልጅ ጎል አገባ መሰል ጮኹ። እኔ አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩ፤ አንድ ፈታሁ።

«ቲቸር» አለች እንደገና፤ ድምፅዋ ለጃንጥላው «እምቢ» ስትል የነበረው ያው ሹክሹክታ ነው። «አደራ ልብላ?»

ከበርጩማዬ ላይ ትንሽ ጠጋ ብዬ በአጠገቤ ቦታ ለቀቅኩላት።

«ብዪ፣ ልጄ» አልኳት። «ቀስ ብለሽ ብዪ። እኔ እዚሁ ነኝ።»